ልጄ ያልገባችበት ኮሌጅ

ልጅ ከሚመኘው ኮሌጅ «አልተቀበልንህም» ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያጽናናው ልጁን ነው። እንደዚያም መሆን አለበት፤ ያመለከተው እሱ፣ የተመለሰው እሱ። ወላጅ ግን በዚያች ሰዓት ሁለት ሐዘን ነው የሚይዘው። አንዱ ስለ ልጁ የሚያዝነው ነው፤ ይሄ ለማንም ግልጽ ነው። ሌላው የራሱ ነው። ስለ ራሱ ዕቅድ፣ ስለ ራሱ ተስፋ፣ አንዳንዴም ስለ ራሱ ስም ያዝናል። ይሄን ጮክ ብሎ መናገር ያሳፍራል። «ደግሞ አንተ ምን ሆንክ?» ቢሉት ምን ይመልሳል?

መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ለልጅ ምን እንደሚባል አማካሪውም፣ አስተማሪውም፣ ጎረቤቱም ያውቃል። ለወላጅ የሚባለው ግን «ለልጅህ ስትል በርታ» ብቻ ነው። በርታ የተባለ ሰው ደግሞ የሚጠበቅበትን ያውቃል፤ ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት ነው።

ልጄ ባለፈው ዓመት እዚህ አሜሪካ ሃይስኩል ስትጨርስ፣ ካመለከተችባቸው ኮሌጆች የልቧ የነበሩት በሙሉ አልተቀበሏትም። አንዱ ዌይትሊስት በሚባለው የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ አስቀመጣት። የስቴታችን ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት፤ አንድ ስሙ ከፍ ያለ የግል ኮሌጅም ተቀብሏት ነበር፣ ነገር ግን እናትና አባቷ ቤት ሸጠው ካልሆነ በቀር የሚከፈል አልነበረም። ውጤቷ ጥሩ ነበር። ጥሩ ስል የአባት አፍ ይዞኝ አይደለም፤ የትምህርት ቤቷ አማካሪም ያለችው ይህንኑ ነው።

አይቪ ሊግ የሚባሉት፣ ሃርቫርድ ያለባቸው ስምንቱ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በማርች መጨረሻ፣ በአንድ ምሽት ውጤታቸውን ይለቃሉ። ሌሎቹም በዚያው ሰሞን ነው። ፖስታ የሚጠብቅ የለም፤ ልጅ በስልኩ ገብቶ ያያል። ለተቀበሉት ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘንባል፣ ሙዚቃ የሚያሰማም አለ። ላልተቀበሉት ሁለት አንቀጽ ነው፤ «ዘንድሮ ያመለከቱት ብዛትና ብቃት...» እያለ ይወርዳል። ልጄ ክፍሏ ሆና አየችው፤ ወጥታ «አልሆነም አባዬ» አለችኝና ተመልሳ ገባች። ምሽቱ ይኸው ነበር፣ ከዚህ በላይ ላጋንነው አልፈልግም።

የከበደው በማግሥቱ የመጣው ጥያቄ ነው። ምን ጎደላት?

ወላጅ ይህን መጠየቅ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ድርሰቷ ይሆን? አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ያመጣቻት ያቺ ቢ ትሆን? ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አንድ ጊዜ ብትደግም ኖሮስ? ሌላ ክለብ ብትገባ? ሰው እንቅልፍ አጥቶ የልጁን አራት ዓመት መልሶ ይገመግማል፤ ልጅቷ አጠገቡ ባለው ክፍል ተኝታ። እኔ ከዚህ ጥያቄ የተገላገልኩት ማንም አጽናንቶኝ አይደለም። የቅበላው ሥራ ውስጡ እንዴት እንደሚካሄድ ሳነብ ጥያቄው በራሱ ጊዜ ፈረሰ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሚገቡ ተማሪዎች 54,008 ማመልከቻ ደርሶት 1,937 ልጆች ተቀበለ። ከመቶ አራት አይሞላም። የልጆች ጉብዝና ቀንሶ አይደለም ቁጥሩ እዚህ የደረሰው። «ኮመን አፕ» የሚባለው የጋራ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀመር 15 ኮሌጆች ብቻ ነበሩበት፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆነዋል፣ አንድ ተማሪም በዚያ በኩል ብቻ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይችላል። ማመልከቱ ቀለለ፣ ስመ ጥር በሆኑት ኮሌጆች ያለው ወንበር ግን እምብዛም አልጨመረም። ልጆቹ ዕድሉ መጥበቡን ሰምተው ይፈሩና ተጨማሪ ኮሌጅ ላይ ያመለክታሉ፤ ሁሉም ተጨማሪ ሲያመለክት ዕድሉ የባሰ ይጠብባል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ደግሞ ያንን አዲስ ቁጥር አይተው ከነዚህም ብሰው ይፈራሉ።

ያሉትም ወንበሮች ለሁሉም እኩል አልተዘረጉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጁን 2023 ዘርን በቅበላ ውስጥ ማስገባት የከለከለበት የሃርቫርድ ክስ ብዙ የጓዳ መረጃ ወደ አደባባይ አውጥቷል። መረጃውን የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች እንዳሳዩት፣ ሃርቫርድ ከተቀበላቸው ነጭ ተማሪዎች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወይ ለስፖርት የተመለመሉ፣ ወይ ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ፣ ወይ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች፣ ወይ ዲኑ በልዩ ዝርዝር የያዛቸው ነበሩ። ከጥቁሮች፣ ከእስያ ተወላጆችና ከሂስፓኒኮች መካከል ግን እንዲህ ያሉት በየወገኑ ከ16 በመቶ በታች ናቸው። አባቷ በዚያ ግቢ በር እንኳን አልፎ ለማያውቅ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህም ሁሉ ከውጭ ሊቆጠር የሚችለው ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ኮሌጁ ለራሱ ብቻ የሚያውቀው ስሌት አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ ከልክ በላይ የተጨናነቀበት ዓመት ይሆናል። ከአንድ ሃይስኩል አምስት ልጅ አይወስዱም ይሆናል። በጀት ጠቦ ሙሉ ክፍያ የሚከፍል ቤተሰብ ይፈለግ ይሆናል። ኦርኬስትራው ኦቦ የሚነፋ ሰው ጎድሎት ይሆናል። (ምነው ኦቦ ባስተማርኳት ያልኩበት ሌሊት ነበር። ኦቦ ምን እንደሚመስል እንኳን አላውቅም ነበር።)

እኛ «ልጃችን ምን ጎደላት?» እያልን እንብሰለሰላለን። እነሱ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው የሚጠይቁት «ዘንድሮ እኛ ምን ጎደለን?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙበት ቦታ የለም። ስለ ልጄ የሰጡት ፍርድ እንደሌለ፣ የሰጡትም ፍርድ ስለ ራሳቸው ፍላጎት እንደሆነ ከገባኝ በኋላ ያችን ቢ ተውኳት።

ታዲያ ይህ መረጃ አንድ አደጋ አለው። ሰው ጥቂት ካነበበ በኋላ «ተዘርፋለች!» ወደ ማለት ይሄዳል። እኛ ቤትም ሞክሮን ነበር። ግን ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «ቦታሽን ወሰዱብሽ» ብትሏት፣ ቀጥላ የምትፈልገው ማን እንደወሰደው ነው። የምታገኘውም አብራት ያደገች ጓደኛዋን ነው። ሥርዓቱ ሚዛን እንደሌለው ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የራሷ የነበረ ወንበር ተነጠቀ ማለት ሌላ። የማንም ስም ያልተጻፈበት ወንበር ነበር።

ወደ ራሴ ሐዘን ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ መረጃ እሱን አልነካውም። ልጄ ምንም እንዳልጎደላት አምኜም አዝን ነበር። እንግዲህ ሐዘኑ ስለ እሷ አልነበረም ማለት ነው።

እኛ ተሰደን የመጣን ወላጆች «ይህን ሁሉ የምናደርገው ለልጆቻችን ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ በሙያችን ሳንሠራ፣ የሌሊት ፈረቃ እየገባን፣ የተማርነውን እየረሳን የኖርነው ለእነሱ ብለን ነው። ነገር ግን ያ አባባል ውስጡ ዕዳ አለበት። ልጁ ሲሰማው «እና መቼ ነው የምትከፍለኝ?» የሚል ይሰማበታል፤ እኛ አላልንም፣ እሱ ግን ሰምቷል። የታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ስም ደግሞ ያንን ዕዳ በአንድ ቀን የሚዘጋ መስሎን ቆይቷል። በቃ፣ ያ ሁሉ ዓመት ለዚህ ነበር ብለን ለራሳችንም፣ አገር ቤት ላሉትም የምናሳየው ደረሰኝ። ስሙ ሳይመጣ ሲቀር የሚያመን ለዚህ ነው። ልጄ ግን ያልተበደረችውን ልትከፍል አትችልም፤ አባቷ በስደት ያጣውን በአንድ የቅበላ ደብዳቤ የምትመልስበት መንገድ የለም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ለእናቷ ነገርኳት። እሷም ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔም እንደዛው ነኝ» አለች። ሁለት ሰው ሲይዘው ሐዘኑ ልጅቷ ክፍል ድረስ አይሄድም፤ ዘዴው ይኸው ነው፣ ሌላ አላውቅም።

በነዚያ ሳምንታት የሰማኋቸው ማጽናኛዎች ብዛታቸው! «ለበጎ ነው» የሚለው ከሁሉ ይበዛል። ሰው ከልቡ ነው የሚለው፣ አልቀየምም፤ ግን ገና የተመታ ሰው ላይ ሲነገር ዝም በል ማለት ይመስላል። ቀጥሎ የሚመጣው «የኮሌጅ ስም ምን ያደርጋል፣ ዋናው ጥረት ነው» የሚለው ነው። እኔ ይህኛው እውነት መሆኑን ለማወቅ ፈለግሁና ገብቼ አነበብኩ፤ ያገኘሁት ግን ሰዎች ከሚሉት ትንሽ ይወሳሰባል።

ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። የታዋቂ ኮሌጅ ምሩቃንን ከሌላው ጋር ዝም ብለው ከማወዳደር ይልቅ፣ ተመሳሳይ ኮሌጆች ላይ ያመለከቱና ተመሳሳይ መልስ ያገኙ ልጆችን እርስ በርስ አወዳደሩ። ያኔ በደመወዝ በኩል የታየው ልዩነት በአብዛኛው ጠፋ። ማለትም እዚያ ለማመልከት የሚያበቃው ጉብዝናና ፍላጎት ልጁ ውስጥ ነው ያለው፤ የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። ይህ ደስ ይላል፣ ሁሉም የሚጠቅሰውም ይህንን ነው። የማይጠቅሱት ግን ልዩነቱ ያልጠፋባቸው ነበሩ፤ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ልጆች። በኋላ በሠሩት ተከታይ ጥናትም ለጥቁርና ለሂስፓኒክ ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩም፣ መራጭ ኮሌጅ መግባት ጥቅም እንደነበረው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን አይቪዎችንና የሚመስሏቸውን ጥቂት ኮሌጆች ከታላላቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አነጻጸሩ። በአማካይ ገቢ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም፤ ከሀብታሞቹ አንድ በመቶ ውስጥ የመግባት ዕድል ላይና በታዋቂ ድርጅቶች የመቀጠር ዕድል ላይ ግን ትልቅ ልዩነት አገኙ።

ታዲያ ስሙ ምንም አያደርግም ማለት ሐሰት ነው። ለአንዳንዱ በር ያደርጋል፣ በተለይም ቤቱ ውስጥ በር የሚከፍትለት ዘመድ ለሌለው። ይህን ማወቄ ያሳዝነኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሐዘኔ የቂል ሐዘን እንዳልነበረ ነገረኝ። ትንሽ ነገር አይደለም ያጣነው፤ ሁሉንም ነገርም አላጣንም። ደግሞ ጥናቱ ከአይቪ ጋር ያወዳደረው የስቴት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ብዙ አለው፤ ጎበዝ ልጅ እዚያ ገብቶ ፕሮፌሰር ቢሮ ካንኳኳ የሚከፈትለት ላቦራቶሪ አለ። ከመቶ አራት የማይሞላውን የሚወስዱት ኮሌጆች ስማቸው እየጮኸ እንጂ ቁጥራቸው እፍኝ አይሞላም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ከ1,300 በላይ የአራት ዓመት ኮሌጆችን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአመልካቾቻቸው ከአሥር በመቶ በታች የተቀበሉት 17 ብቻ እንደነበሩ ጽፏል። ከግማሽ በላይ የሆኑት ከሦስት አመልካቾች ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ተቀብለዋል። እኛ ቤት ግን ወሬው ሁሉ ስለ 17ቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ልነግራት ስጀምር «አባዬ፣ እባክህ ጥናት አታንብብልኝ» አለችኝ። ተውኩት። ለእኔ የሠራ መድኃኒት ለእሷ አልተሠራም።

ከዚያ ስልኩ አለ። ዘመድ ወሬ ይጠይቃል፣ ክፋት የለውም፤ ልጅቷን ከልጅነቷ ጀምሮ «ዶክተር» ሲሏት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጄ ግን አንድ ነገር አስቀድማ ጠየቀችን፦ እኔ ራሴ እስክናገር ለማንም አትንገሩ። ተስማማን። ዜናው የእሷ ነው። ታላቅ እህቴ ደወለች።

«እህ፣ የት ገባችልን?»

«ገና እየመረጠች ነው እትዬ።»

«ሃርቫርድ አልመጣም እንዴ?»

«ስትወስን ራሷ ትደውልልሻለች።»

ስልኩን ስዘጋ ላብ አጥምቆኛል፤ የዋሸሁት ግን ምንም የለም። ያኔ የገባኝ ይህ መልስ የሚጠብቀው ልጄን ብቻ እንዳልሆነ ነው። እኔንም ከለላ ሆነኝ፤ «አልገባችም» የሚለውን ለአሥር ሰው አሥር ጊዜ ስደግም የአሥር ሰውን ሐዘን ተቀብዬ ወደ ቤት ባመጣሁት ነበር። አያቷ ጋ ሲደርስ ነገሩ ፍጹም ሌላ መልክ ያዘ። እናቴ ሁሉን ከልጄ አፍ ከሰማች በኋላ ስልኩን ለእኔ አሰጠችና «እንግዲህ ትምህርት አቋረጠች?» አለችኝ። «ኧረ አይደለም እማዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች» አልኳት። «እና ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ጓደኛዋም ልናገር። አብረው ያደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፤ ልጄ የፈለገችው ቦታ ጓደኛዋ ገባች። ወላጆቿ ወዳጆቻችን ናቸው። ደውዬ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩ፣ ደስታዬም እውነተኛ ነበር፤ ቁጭቴም እውነተኛ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ። ልጆቹ ከእኛ ይሻላሉ። በዚያው ሳምንት አብረው ሲስቁ ሰማኋቸው።

ኤፕሪል የሥራ ወር ነው፤ ላዘነ ወላጅ ይሄ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ እጅ ሥራ ያገኛል። መጥፎነቱ ያዘነ ሰው መጥፎ ገበያተኛ መሆኑ ነው።

ያ የግል ኮሌጅ ልቤን ያማለለው በዚህ ወር ነበር። ስሙ ከፍ ያለ ነው፤ ለእህቴም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ሊነገር የሚችል። የላኩልን የእርዳታ ደብዳቤ ከላይ ሲታይ ትልቅ ቁጥር አለው፤ ወረድ ብሎ ሲታይ ግን አብዛኛው ብድር ነው። እነዚህ ደብዳቤዎች ስጦታውንም፣ ብድሩንም፣ ልጅቷ ሠርታ የምታገኘውንም አንድ ላይ ደምረው «እርዳታ» ሊሉት ይችላሉ፤ የሁለት ኮሌጅ ደብዳቤ ጎን ለጎን ቢቀመጥ አቀራረቡ አይገናኝም። ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከሙሉ ወጪው ላይ የማይመለሰው ስጦታ ብቻ ሲቀነስ ምን ይቀራል? የቀረውን በአራት አባዙት፣ በየዓመቱ ክፍያ እንደሚጨምርም አትርሱ። እኛ ይህን ስናደርግ ልዩነቱን ለመሸፈን የቀረው «ፓረንት ፕላስ» የሚባለው፣ በወላጅ ስም የሚወሰደው የፌዴራል ብድር ነበር። ይህ ብድር ለረጅም ጊዜ እስከ ሙሉ ወጪው ድረስ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20,000 ዶላር፣ በጠቅላላ 65,000 ዶላር ተወስኖበታል። ገደቡ ሲወጣ ብዙ ሰው ተማርሯል። እኔ አልተማረርኩም። ሐዘንተኛ ወላጅ ብዕር ይዞ ቢተውት የሚፈርመው ገደብ የለውም።

አንድ ሌሊት እኔና እናቷ ተቀምጠን ራሳችንን ጠየቅን፤ ያንን ብድር የምንወስደው ለማን ነው? እዚያ ኮሌጅ ያለው ትምህርት በስቴቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ልጄም ስትጎበኘው አልወደደችውም፣ «ልብስ አሳማሪ ይበዛዋል» ነው ያለችው። እንግዲህ ስሙን የምንገዛው ለራሳችን ነበር። አልፈረምንም።

ገንዘቡ በእውነት የሚያንሳችሁ ከሆነ ግን ሳትጠይቁ አትለፉ። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ላይ የተሞላው ገቢ የቆየ ዓመት ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የወጣ፣ የታመመ፣ የተለያየ ቤተሰብ ካለ የኮሌጁ የእርዳታ ቢሮ ማስረጃ አይቶ ስሌቱን እንዲያስተካክል የፌዴራል ሕጉ ይፈቅድለታል። ይግባኙ በትሕትና፣ በአጭሩ፣ ከወረቀት ጋር ይቅረብ። እኛ ለስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ጽፈን ትንሽ ጨመሩልን። ስለ ቅበላው ይግባኝ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ መረጃ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ማባከን ነው።

ዌይትሊስቱስ? ልጄ መቆየት እንደምትፈልግ አረጋገጠች፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከማርች ወዲህ ምን እንደሠራች፣ ቢቀበሏት እንደምትገባ። ደብዳቤውን መጻፍ ያለባት እሷ ናት፤ ወላጅ ደውሎ «እባካችሁ» ቢል የሚጨምርላት ነገር የለም፣ ሊቀንስባት ይችላል። ከዚያም የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 ሳያልፍ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ላይ ማስያዣውን ከፈለች። በሁለት ኮሌጅ ላይ በአንድ ጊዜ ማስያዝ ነውር ነው፤ ዌይትሊስት ግን ወንበር ስላልሆነ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ እንደሌለ ቆጥሮ መኖር ነው የሚሻለው። በነገራችን ላይ ሜይ 1 ካለፈም ኮሌጅ አይዘጋም፤ የቅበላ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣል፣ ብዙ ናቸው። ከሁሉም ተመልሶ ምንም በእጁ የሌለ ልጅ ያላችሁ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በሹክሹክታ የሚነገር፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ርካሹ የሁለት ዓመት ኮሌጅ። ለምን እንደምናፍርበት አይገባኝም። በካሊፎርኒያ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመጣ ተማሪ የተወሰነውን ኮርስና ውጤት ካሟላ ዴቪስን፣ ኧርቫይንን፣ ሳንታ ባርባራን ጨምሮ ስድስት የዩኒቨርሲቲ ኦቭ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች ቦታ በዋስትና ይሰጡታል። ሌሎች ስቴቶችም የየራሳቸው ስምምነት አላቸው። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የጨረሰበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው፤ ሁለት ዓመቱ በርካሽ አልፏል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ራሳችን በዚያ በር ገብተን ነው ነርስና ኢንጂነር የሆንነው፤ ለልጆቻችን ሲሆን ነው የሚያሳፍረን።

ልጄ ኦገስት ላይ ገባች። ዩኒቨርሲቲው ሲያስገባት አንድ ነገር ነገሩን፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ፈርፓ በተባለው ሕግ መሠረት ከእንግዲህ የትምህርት መዝገቧ መብት የእሷ ነው። ክፍያውን እኛ ብንከፍልም ያለ ፈቃዷ ውጤቷን እንዲያሳዩን ልናስገድዳቸው አንችልም። አንድ አባት ጎኔ ተቀምጦ አጉረመረመ። እኔ ጥሩ ሕግ መሰለኝ። እነዚያን ደብዳቤዎች ያነበብኳቸው የእኔ ስም የተጻፈባቸው ያህል ነበር።

ከዚያ በፊት፣ ጁን ላይ፣ የዌይትሊስቱ መልስ መጥቶ ነበር። የለም ነው ያሉት። ኢሜይሉን እሷ ከማየቷ በፊት ስለ ጉዳዩ የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ ሰዎች ሰሞኑን መልስ ይሰጣሉ ሲሉ ሰምቼ። ስልኳን ከፍታ አነበበችና «እህ፣ አንቀበልም ብለዋል» አለችኝ። «አይዞሽ» አልኳት። «ኧረ ረስቼው ነበር አባዬ» አለችና ለዶርሙ ስለምትገዛው ፍራሽ ትጠይቀኝ ጀመር፤ ፍራሹ ከተለመደው ይረዝማል ይላሉ፣ አንሶላው ልዩ ነው፣ ስንት እንግዛ? ሁለት አልኳት። እኔ አልረሳሁትም ነበር።